በፈላ ውኃ አልቀልጥ ያለው ቅይጥ፦ የቢስሙት፣ የእርሳስና የቆርቆሮ ፌዝ ዲያግራም ጥያቄ

ማራኪ_ላብ · ሰኞ ከምሽቱ 1:40

እንደምን አመሻችሁ። ለተማሪዎች ማሳያ የሚሆን፣ በትንሽ ሙቀት የሚቀልጥ ቅይጥ ሠርቼ አልሆን ብሎኛል። ቅንብሩ በክብደት ቢስሙት 52.5፣ እርሳስ 32፣ ቆርቆሮ 15.5 በመቶ ነው፤ ጠቅላላው 100 ግራም። መጽሐፉ የሦስቱ ዩቴክቲክ (ከሁሉም ባነሰ ሙቀት የሚቀልጠው ቅንብር) ከ95 እስከ 96 ዲግሪ ስለሆነ በፈላ ውኃ ውስጥ ይቀልጣል ይላል። እዚህ ጎንደር ግን ውኃው እየተንተከተከ ሃያ ደቂቃ ቢቆይም ጠርዙ እንኳ አልለሰለሰም።

ሁለተኛው ነገር፣ ቅይጡን በምድጃ አቅልጬ ሲቀዘቅዝ በቴርሞካፕል (በሽቦ ሙቀት መለኪያ) ስከታተለው ምንም ሳይታጠፍ ወርዶ 103 ዲግሪ ላይ ቀጥ አለ። እዚያው ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንደገና መውረድ ጀመረ። ቴርሞካፕሉ እንዳያሳስተኝ አስቀድሜ በፈላ ውኃ ነክሬ 100 እንዲያነብ አስተካክዬዋለሁ።

ቅንብሩ ተዛብቶ ይሆን? ቢስሙት ልጨምርበት? ከጨመርኩስ ስንት ግራም?

---

ምድጃ_ዳር · ሰኞ ከምሽቱ 2:15

ወንድሜ፣ ምንም እንዳትጨምር። ቅይጥህ ደኅና ነው። የሁለቱም ችግር ምንጭ አንድ ነው፤ የፈላ ውኃህ 100 ዲግሪ አይደለም።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በግርድፉ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል ብለህ ያዝ። 96 ላይ የሚቀልጥ ነገር 93 ዲግሪ ባለው ውኃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቢውል አይቀልጥም። እሳቱን ብታበረታውም ውኃው ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ፈቀቅ አይልም። መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው።

አሁን ወደ ቴርሞካፕሉ እንሂድ። 93 የሆነውን 100 ብለህ አስነበብከው፤ ሰባት ዲግሪ ደረብክበት ማለት ነው። 103 ላይ ሰባት ስትቀንስ 96 ይመጣል።

እንዲያውም ቁጥሩን ትተህ የኩርባውን ቅርጽ ብቻ ብታይ ይበቃ ነበር። ሳይታጠፍ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ያለ ቅይጥ ዩቴክቲኩ ላይ ወይም በጣም አጠገቡ ነው። ቅንብሩ ቢዛባ ኖሮ ከዚያ በላይ አንድ ወይም ሁለት መታጠፊያ ታይ ነበር። 10 ግራም ቢስሙት ብትጨምርበት ደግሞ ከ110 ግራሙ 9 በመቶ ያህሉ ቀድሞ የሚረጋ ቢስሙት ይሆናል፤ ቀሪው ያንኑ 96 ላይ ይረጋል። መቅለጥ የሚጀምርበት ሙቀት አይወርድም፤ ቀልጦ የሚጨርስበት ግን ይወጣል። የፈለግኸውን ተቃራኒ ታገኛለህ።

ማሳያውን ለማድረግ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጨው ነው። በሚፈላ ውኃ ውስጥ ከሥር ሳይሟሟ ትንሽ እስኪቀር ድረስ ጨው ጨምርበት፤ ለአንድ ሊትር 390 ግራም አካባቢ ይገባል። የጠገበ የጨው ውኃ የመፍያውን ሙቀት ስምንት ዲግሪ ያህል ስለሚያወጣው እዚህም 101 ገደማ ይደርሳል፤ ለ96 ይበቃል። ሁለተኛው የምግብ ዘይት እስከ 120 አሙቆ በውስጡ ማቅለጥ ነው። በዘይት ከሆነ ቅይጡ ደረቅ ይሁን፤ የውኃ ጠብታ ከገባ ዘይቱ ይፈናጠራል።

ቴርሞካፕሉን ወደ ነበረበት መልሰውና በሁለት ነጥብ ፈትሸው፦ የተፈጨ በረዶ ከውኃ ጋር ሲሆን 0፣ ንጹሕ ቆርቆሮ ሲረጋ 231.9። መሐል ላይ ሦስተኛ ነጥብ ካስፈለገህ 57 ቢስሙትና 43 ቆርቆሮ ያለበት ቅይጥ 139 ላይ ይቆማል።

---

ማራኪ_ላብ · ሰኞ ከምሽቱ 2:50

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የበረዶውን አሁኑኑ ሞከርኩት፤ 7 ዲግሪ አነበበ።

የሦስቱ ብረቶች ዲያግራም የሚሣልበት ሦስት ማዕዘን ግን በደንብ አልገባኝም። የሁለት ብረቶችን ዲያግራም አነባለሁ። ሦስተኛው ሲገባ መስመሮቹ የሙቀት ቁጥር የሌላቸው ይመስሉኛል። ቀድሞ ምን እንደሚረጋ፣ ስንት በመቶው እንደሚረጋ ከየት ይነበባል?

---

ሦስት_ማዕዘን · ሰኞ ከምሽቱ 3:35

ሙቀቱ ከወረቀቱ ወደ ላይ የቆመ ነው። የምታየው ሥዕል ከላይ ወደ ታች የተነሣ ካርታ ነው፤ ቁጥሩ ያለው እንደ ተራራ ካርታ በዙሪያ መስመሮቹ ላይ ነው። ሦስቱ ማዕዘኖች ሦስት ጫፎች ናቸው፦ ቢስሙት 271፣ እርሳስ 327፣ ቆርቆሮ 232። ከየጫፉ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ሁለት ቁልቁለት የሚገናኙበት ሸለቆ ነው፤ ሸለቆዎቹ ተገናኝተው የሚያርፉበት ዝቅተኛ ጉድጓድ የሦስቱ ዩቴክቲክ ነው። ቀሃና አንገረብ ከተማዋን በግራና በቀኝ ይዘው ቁልቁል እንደሚወርዱ ሁሉ፣ የቀለጠው ክፍል ቅንብር ሲቀዘቅዝ ሁልጊዜ ቁልቁል ይጓዛል።

ሸለቆዎቹ ከየጎኑ ይጀምራሉ። እርሳስና ቆርቆሮ 183 ላይ፣ ቢስሙትና ቆርቆሮ 139 ላይ፣ ቢስሙትና እርሳስ 125 ላይ።

ሦስት ነገር ብቻ አጥብቀህ ያዝ።

የአንዱን ብረት መጠን ለማንበብ ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለውን ጎን ዜሮ በል፤ ወደ ማዕዘኑ በተጠጋህ ቁጥር ይጨምራል። ከዚያ ጎን ጋር እኩል በሚሄድ መስመር ሁሉ ላይ የዚያ ብረት መጠን አንድ ነው።

ከማዕዘን በሚነሣ ቀጥተኛ መስመር ላይ የሌሎቹ የሁለቱ ጥምርታ አይለወጥም። ንጹሕ ቢስሙት እየረጋ ከወጣ የቀረው ፈሳሽ ከቢስሙት ማዕዘን እየሸሸ ቀጥ ብሎ የሚሄደው በዚህ የተነሣ ነው።

ሁለት ቅይጦች ስትቀላቅል ውጤቱ ሁለቱን በሚያገናኘው ቀጥተኛ መስመር ላይ ያርፋል፤ ብዙ ወደገባው ይጠጋል። የሚዛን ሕግ የሚባለው ይኸው ነው።

በ70 ቢስሙት፣ 15 እርሳስ፣ 15 ቆርቆሮ እንሥራው። ነጥቡ ያለው በቢስሙት ቁልቁለት ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚረጋው ቢስሙት ነው። እርሳስና ቆርቆሮ እኩል ስለሆኑ ፈሳሹ እኩል እንደሆኑ እየቀጠለ ወደ ቢስሙትና ቆርቆሮ ሸለቆ ይሄዳል። ሸለቆው ከ57/43 ተነሥቶ 52.5/32/15.5 ላይ የሚያልቅ ቀጥ ያለ መስመር ነው ብንል፣ የሚገናኙት ቢስሙት 53.7፣ እርሳስ 23.1፣ ቆርቆሮ 23.1 ላይ ነው። እዚህ ሲደርስ ቀድሞ የረጋው ቢስሙት፦ (70 − 53.7) ÷ (100 − 53.7) = 35 በመቶ።

ቀጥሎ ፈሳሹ ሸለቆውን ይዞ ይወርዳል፤ ቢስሙትና ቆርቆሮ አብረው ይረጋሉ። እርሳሱ የሚረጋበት ቦታ ገና ስላላገኘ ሁሉም ፈሳሹ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ሲደርስ ፈሳሹ 32 በመቶ እርሳስ አለው፤ በጠቅላላው ያለው እርሳስ 15 ስለሆነ የቀረው ፈሳሽ 15 ÷ 32 = 47 በመቶ ነው። መሐል የረጋው ደግሞ 100 − 35 − 47 = 18 በመቶ። ሒሳቡ ልክ መሆኑን በቆርቆሮ አረጋግጥ፦ 47 በመቶው ፈሳሽ የያዘው ቆርቆሮ 7.3 ነው፤ የቀረው 7.7 ከ18ቱ ውስጥ 43 በመቶ ይሆናል። ገጠመ።

ለምን በሸለቆው ላይ ሙቀቱ ይወርዳል፣ በጉድጓዱ ላይ ግን ይቆማል? የጊብስን የፌዝ ሕግ ተመልከት። ግፊቱ ካልተለወጠ በሦስት ንጥረ ነገር ነጻነቱ (ለብቻው ሊለወጥ የሚችለው ነገር ቁጥር) 4 ሲቀነስ የፌዞቹ (የፈሳሹና የየጠጣሩ ዓይነት) ቁጥር ነው። ፈሳሽና ሁለት ጠጣር ሲኖሩ 4 − 3 = 1፤ ሙቀቱ መንሸራተት ይችላል። ፈሳሽና ሦስት ጠጣር ሲሆኑ ዜሮ ነው፤ አንዱ አልቆ እስኪጠፋ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም። በሁለት ብረት ዲያግራም የለመደ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሁለት ጠጣር አብረው ሲረጉ ካየ ሙቀቱ ይቆማል ብሎ ይጠብቃል።

ሥዕልህ በክብደት ይሁን በአቶም መጀመሪያ እይ። 70/15/15 በክብደት የነበረው በአቶም ሲሆን 62.8፣ 13.6፣ 23.7 ነው። አንዱን በሌላው ካርታ ላይ ካስቀመጥከው ሌላ ቁልቁለት ላይ ልትወድቅ ትችላለህ።

---

ጥቁር_ብረት · ማክሰኞ ከጠዋቱ 3:10

ከላይ ያለው በጣም ጥሩ ነው፤ ሁለት እርማት ግን ያስፈልገዋል። ተማሪ በአጉሊ መነጽር ሲያየው ግራ እንዳይገባው ነው።

አንደኛ፣ በጉድጓዱ ላይ የሚረጋው ሦስተኛ ፌዝ እርሳስ አይደለም። ቢስሙትና እርሳስ መሐላቸው ኤፕሲሎን የሚባል የራሱ ፌዝ አላቸው፤ በ125 የሚረጋውም፣ በ96 የሚረጋውም ከቢስሙትና ከቆርቆሮ ጋር ይኸው ነው። ስለዚህ የእርሳስ ማዕዘን ያለበት ወገን በየመማሪያው እንደሚሣለው ቀላል ሥዕል አይደለም። እዚያ 137 ዲግሪ አካባቢ ፈሳሹና ቀድሞ የረጋው እርሳስ ተባብረው ወደ ቆርቆሮና ኤፕሲሎን የሚለወጡበት ነጥብ አለ። ይህ ለውጥ በተለመደው አቀዛቀዝ አይጨርስም፤ አዲሱ ፌዝ በእርሳሱ እህል ዙሪያ እንደ ቅርፊት ይጋግርና ውስጡን ከፈሳሹ ይለየዋል። እርሳስ የበዛበት ናሙና ውስጥ አራት ጠጣር ፌዝ ካየህ ቅንብሩ ተበላሽቷል አትበል፤ ያልተጠናቀቀ ለውጥ ነው። ለመጀመሪያ ልምምድ 70/15/15 መመረጡ ተገቢ ነው፤ ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ቆርቆሮው ንጹሕ ሆኖ አይረጋም። 139 ላይ እስከ 21 በመቶ ቢስሙት በውስጡ ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይተፋዋል። የእርሳሱ ሒሳብ በዚህ ብዙም አይነካም፤ ቢስሙት እርሳስን አይቀበልም ማለት ይቻላል፣ ቆርቆሮም ጥቂት ብቻ ነው የሚቀበለው። 47ን በልበ ሙሉነት ያዙት፤ 18ን ግን ግምት በሉት።

---

ምድጃ_ዳር · ማክሰኞ ከጠዋቱ 4:25

ልክ ነህ፤ ኤፕሲሎኑ መነገር ነበረበት።

የማቀዝቀዣ ኩርባውን ለሚሠራ ሰው አሠራሩን ላስቀምጥ።

70 ግራም ቢስሙት መዝን። ንጹሕ ቆርቆሮና ንጹሕ እርሳስ ለየብቻ ካላገኘህ ፒያሳ ሬዲዮ ጠጋኞች የሚሸጡት 60/40 የብየዳ ሽቦ ይሠራል፤ 25 ግራሙ 15 ቆርቆሮና 10 እርሳስ ነው፤ 5 ግራም እርሳስ ጨምርበትና አለቀ። ሽቦው ውስጥ ሙጫ ስላለ መጀመሪያ ብቻውን አቅልጠህ ጥቁሩን ጥረግ፣ ከዚያ መዝን። ጥቅሉ ላይ 60/40 የሚል ጽሑፍ ከሌለው ተወው። የአሮጌ ባትሪ እርሳስ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ አንቲሞኒ ወይም ካልሲየም አለበት። አራተኛ ንጥረ ነገር ከገባ ሦስት ማዕዘኑ አያገለግልም፤ የማታውቀው መታጠፊያ ይመጣብሃል።

ዕቃው የብረት ኩባያ ይሁን። ብርጭቆ ቱቦ ውስጥ እንዳታረጋው፤ ቢስሙት ሲረጋ 3.3 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። ቴርሞካፕሉንም በቀጭን የብረት ቱቦ አልብሰህ ጫፉን ከቅይጡ መሐል፣ ከታች ግማሽ ላይ አቁመው። ሥራው ሲያልቅ ቅይጡን እንደገና አቅልጠህ አውጣው፤ ረግቶ ሳለ ከጎተትከው ይሰበራል።

ቀድመህ ቢስሙቱንና ቆርቆሮ ያለበትን አቅልጥ፤ እርሳሱ 327 ሳይደርስ እዚያው ይሟሟል። 300 ይበቃል፤ ከ350 አታሳልፈው። ላዩ ላይ የደቀቀ ከሰል በትንበት፤ አለዚያ ቆርቆሮው አመድ እየሆነ ቅንብሩን ያዛባል። በደረቀ የብረት ዘንግ በደንብ አማስለው። እርጥብ ዘንግ ካስገባህ ቅይጡ ይረጫል።

ኩባያውን ከእሳት አውርደህ በትልቅ ጣሳ ውስጥ አስቀምጠውና ዙሪያውን ሦስት ጣት የሚያህል ደረቅ አመድ ሙላበት። አመድ ጥሩ ነው፤ ሙቀቱን ቀስ እያለ ይለቀዋል። በየ10 ሰከንዱ አንብብ። በደቂቃ ከሁለት እስከ ሦስት ዲግሪ መውረድ አለበት። ከአምስት በላይ ከሆነ የመጀመሪያው መታጠፊያ አይታይህም።

የምታየው ይህ ነው። ከ200 በታች አንድ ቦታ ላይ መውረዱ ይዘገያል፤ ቢስሙቱ መርጋት ጀመረ። ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ዝቅታው ብቻ ይለዝባል። ቀጥሎ እንደገና ይለዝባል፤ ሸለቆው ነው። በመጨረሻ 96 ላይ ቀጥ ይላል። ቢስሙት ለመርጋት ስለሚያንገራግር ከልኩ ሁለት ሦስት ዲግሪ ወርዶ መልሶ ሊዘል ይችላል፤ ያን ጊዜ ኩባያውን ቀስ ብለህ መታ መታ አድርገው። የምትመዘግበው ከዘለለ በኋላ የቆመበትን ነው።

ማራኪ፣ ያንተ 100 ግራም ዩቴክቲክ ዘጠኝ ደቂቃ ቆሞ ነበር። በዚያው ኩባያ፣ በዚያው አቀዛቀዝ፣ 70/15/15 ስታቀዘቅዝ አራት ደቂቃ ከሩብ አካባቢ መቆም አለበት፤ የ9 ደቂቃው 47 በመቶ ማለት ነው። ሒሳቡን በሰዓት ታረጋግጣለህ። ይህን ተማሪዎች ፊት ማድረግ በፈላ ውኃ ከማቅለጥ ይበልጣል።

እርሳስ ስለሆነ የምትበላበት ቦታ አትሥራ። እጅህን በሳሙና ታጠብ። ናሙናውን ስትፈገፍግ ወረቀቱ በውኃ ይራስ፤ ደረቅ ብናኙ ነው የሚጎዳው። ኩባያውም ከዚያ በኋላ ለቡና አይመለስም።

---

አንጥረኛ_አራዳ · ማክሰኞ ከምሽቱ 1:20

ወገኖች፣ የኔ ጥያቄ ስለ ብር ነው፤ ግን የምትሉት ሁሉ የሚነካኝ ይመስለኛል። ከጠገራ ብር የተሠራ መስቀል ሲበየድ መበየጃው ግማሹ ይፈስና ግማሹ እንደ ቅርፊት ደርቆ ይቀራል። ያን ቅርፊት ለማፍሰስ እሳት ሲጨመር ደግሞ መስቀሉ ራሱ ጠርዙ ላይ ያብረቀርቃል፣ ጌጡ ይለሰልሳል። መበየጃው 75 ብር፣ 22 መዳብ፣ 3 ዚንክ ነው። ምድጃው ወናፍ ያለው የከሰል ነው፤ በቀስታ ነው የሚሞቀው። ጥፋቱ ከመበየጃው ነው ከአሠራሩ?

---

ሦስት_ማዕዘን · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:40

ከሁለቱም ነው፤ ትልቁ ጥፋት ግን የመበየጃው ምርጫ ነው።

ጠገራ ብር 28.07 ግራም ይመዝናል፤ 83.3 በመቶው ብር፣ 16.7ቱ መዳብ ነው። ብርና መዳብ 779 ዲግሪ ላይ ዩቴክቲክ አላቸው። በዚያ ሙቀት ብሩ በውስጡ መያዝ የሚችለው መዳብ 8.8 በመቶ ነው፤ ዩቴክቲኩ ደግሞ 28.1 በመቶ መዳብ ነው። በሚዛን ሕግ (16.7 − 8.8) ÷ (28.1 − 8.8) = 41 በመቶ። መስቀሉ 779 ሲደርስ ከመቶ 41 እጁ በአንድ ጊዜ ይቀልጣል ማለት ነው። ጠርዙ ላይ ያየኸው ማብረቅረቅ ይኸው ነው።

75/22/3 የሚባለው መበየጃ ደግሞ 740 ላይ መቅለጥ ይጀምርና ጨርሶ የሚቀልጠው 790 አካባቢ ነው። መስቀሉ ከመበየጃው ቀድሞ ይሄዳል። ለንጹሕ ብር ግሩም መበየጃ ነው፤ ለጠገራ ብር ግን አይሆንም።

ያንተ መበየጃ 70 ብር፣ 20 መዳብ፣ 10 ዚንክ መሆን አለበት። 690 ላይ ይጀምራል፣ 740 ላይ ያልቃል፤ ከ779 በታች 40 ዲግሪ ያህል ትርፍ ይኖርሃል።

ቅርፊቱ የሚመጣው ከላይ ስለ ሸለቆው በተባለው ምክንያት ነው። ብር፣ መዳብና ዚንክ ያለበት መበየጃ እንደ ቢስሙቱ ቅይጥ አንድ ቦታ ላይ አይቀልጥም፤ ፈሳሹና ሁለቱ ጠጣሮች አብረው እያሉ ሙቀቱ ይንሸራተታል። በ690 እና በ740 መሐል ቀስ ብለህ ስታሞቀው መጀመሪያ የቀለጠው፣ ዚንክ የበዛበት ክፍል፣ ወደ መገጣጠሚያው ይፈስና ይሄዳል። የቀረው ዚንክ ያነሰበት፣ ብቻውን ከ740 በላይ ካልሆነ የማይቀልጥ ነው። ቅርፊቱ እሱ ነው። ያን ቅርፊት ከማሳደድ ጠርገህ አዲስ መበየጃ ማድረግ ይሻላል።

ስለዚህ መበየጃውን ከቀዝቃዛ ጀምረህ አብረህ አታሙቀው። መስቀሉን በቦራክስ ቀብተህ ቀይ መምሰል እስኪጀምር አሙቀው፤ ወናፉን አበርታና መበየጃውን ያን ጊዜ ጥቃቅን አድርገህ አስነካው። በ690 እና በ740 መሐል የሚቆየው ሰከንዶች ብቻ ይሁን።

---

አንጥረኛ_አራዳ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3:05

እግዜር ይስጥልኝ። 70/20/10ን ከምን ልሥራው? ንጹሕ ብር የለም፤ ያለው ጠገራው ነው። ናስስ ይገባበታል?

---

ሦስት_ማዕዘን · ማክሰኞ ከምሽቱ 3:50

ሦስት ጠገራ ብር 84.2 ግራም ነው፤ በውስጡ 70.2 ብርና 14 መዳብ አለ። 6 ግራም ንጹሕ መዳብና 10 ግራም ዚንክ ብትጨምር 100 ግራም 70/20/10 ወጣልህ። የተበላ ሳንቲም ከሆነ በክብደቱ አስላ።

በናስ አይገኝም፤ ምክንያቱን በሦስት ማዕዘኑ ላይ አስምረህ ታየዋለህ። ጠገራው በብርና በመዳብ ጎን ላይ አንድ ነጥብ ነው፤ ናሱ በመዳብና በዚንክ ጎን ላይ ሌላ ነጥብ። ሁለቱን ስትቀላቅል በመሐላቸው ካለው መስመር አትወጣም። 70/20/10 ከዚያ መስመር ውጭ ነው፤ የሚጎድለው 6 መዳብና 10 ዚንክ ስለሆነ 62.5 በመቶ ዚንክ ያለው ናስ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ናስ አይሠራም፣ ተሰባሪ ነው።

በዚያው መስመር ላይ የሚያርፈው ደግሞ የቀድሞው መበየጃህ ነው፤ ይህን ሳሰላው በጣም ነው ያስደሰተኝ። 90 ግራም ጠገራ ብር ከ10 ግራም 70/30 ናስ ጋር ሲቀልጥ ብሩ 75፣ መዳቡ 15 ሲደመር 7 ማለትም 22፣ ዚንኩ 3 ይሆናል። ቁርጥ 75/22/3። 70/30 የጥይት ቀልሃ የሚሠራበት ናስ ነው። ለንጹሕ ብር ሥራ ይጠቅምሃል። የቧንቧና የቁልፍ ናስ ግን አታስገባ፤ ለመቁረጥ እንዲመች እርሳስ ስላለበት ብየዳውን ያፈርሰዋል።

---

ጥቁር_ብረት · ረቡዕ ከጠዋቱ 2:30

ዚንኩ ላይ ጥንቃቄ አለ። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል። በሞቀ ብር ላይ ከጣልከው ነጭ ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ቅንብሩም ይሄዳል፣ ጢሱም ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ደጅ ላይ፣ ነፋስን ወደ ጀርባ አድርገው ይሥሩ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ጠገራውንና ከመዳቡ 5 ግራሙን በቦራክስ አብረው ያቅልጡ። መዳቡ ሲገባበት ቅይጡ ወደ ብርና መዳብ ዩቴክቲክ ስለሚጠጋ ጠገራው ብቻውን ከሚፈልገው ያነሰ ሙቀት ይበቃዋል፤ ከ900 ማለፍ የለበትም። ዚንኩን 10.5 ግራም ይመዝኑ፤ ትርፉ ለሚጠፋው ነው። በቀረው አንድ ግራም የመዳብ ቅጠል ጠቅልለው፣ በሞቀ ጉጠት ይዘው ከታች ድረስ ያጥልቁት። በደረቀ ከሰል ዘንግ ሁለት ሦስቴ አማስለው ወዲያው ያፍስሱ።

ከዚያ የፈሰሰውን ይመዝኑ። የሚጠፋው ዚንክ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ያስገቡት 100.7 ሆኖ የወጣው 99.5 ከሆነ 1.2 ግራም ዚንክ ሄዷል፤ የቀረው 9.3፣ ማለትም 9.3 በመቶ ነው፤ ይህ ይሠራል። ማቅለጫው ላይ የተጣበቀውን ፍንጣቂም አብረው ይመዝኑ፤ አለዚያ ያልጠፋውን ጠፋ ይላሉ።

ከገበያ የተገዛ፣ ስሙ የማይታወቅ፣ በጣም ቶሎ የሚፈስ መበየጃ ሲያጋጥም ካድሚየም እንዳለበት መጠርጠር ነው። ካድሚየም 767 ላይ ይፈላል፤ ጢሱ ሳንባን ያበላሻል፣ ይገድላልም። ቅንብሩ ያልተጻፈበትን መበየጃ አይጠቀሙ።

---

ማራኪ_ላብ · ረቡዕ ከቀኑ 8:15

70/15/15ን ሠራሁት። በተስተካከለው ቴርሞካፕል መጨረሻው 96 ላይ ቆመ፤ የቆየውም አራት ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። ትንሽ የረዘመው ለምን ይሆን?

አንድ ጥያቄ ደግሞ፦ መጽሐፉ ቢስሙት 50 በመቶ ላይ ተቆርጦ የቆመ ሥዕል አለው፤ የሁለት ብረት ዲያግራም ይመስላል። በእሱ ላይ የሚዛን ሕግ ልሠራ?

---

ምድጃ_ዳር · ረቡዕ ከቀኑ 9:00

የረዘመው ቆርቆሮው ሲረጋ ቅንብሩ በየንብርብሩ ስለሚለያይ ነው። ጠጣሩ ውስጥ ቅንብሩ የሚስተካከልበት ጊዜ ስለማያገኝ ፈሳሹ ሒሳቡ ከሚለው በላይ ተርፎ ጉድጓዱ ይደርሳል። ቀስ ብለህ ባቀዘቀዝከው ቁጥር ልዩነቱ ይጠባል። ከዚያም ሌላ አመዱ ከሞቀ በኋላ ሙቀት የሚያወጣበት ፍጥነት ይቀንሳል። 25 ሰከንድ ያህል ከሆነ ምንም አይደል።

በቆመው ሥዕል ላይ የሚዛን ሕግ አትሥራ። እዚያ ላይ ሙቀቱን ብቻ ታነባለህ፦ የት መርጋት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅ፣ በየትኛው ሙቀት ምን ምን ፌዝ እንዳለ። ፈሳሹንና ጠጣሩን የሚያገናኘው መስመር ከዚያ ወረቀት ወጥቶ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሄዳል። ቀድሞ የሚረጋው ንጹሕ ቢስሙት 100 በመቶ ነው፤ 50 በመቶ ላይ በተቆረጠ ወረቀት ላይ ከየት ይገኛል? መጠን ለማስላት አንድ ሙቀት ላይ ወደ ጎን የተቆረጠውን ሦስት ማዕዘን ተጠቀም። እዚያ ሦስት ፌዝ ያለበት ቦታ ራሱ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ነው፤ የየፌዙ ቅንብር ማዕዘኖቹ ላይ ተጽፏል።

---

አንጥረኛ_አራዳ · ረቡዕ ከምሽቱ 1:10

ሦስቱን ጠገራ ከማቅለጤ በፊት፣ አንዱ ድምፁ አላማረኝም። 1780 የሚለው ጽሑፍ ሁሉም ላይ ስላለ በእሱ አይለይም። ሳይፋቅ የሚለይበት መንገድ አለ?

---

ሦስት_ማዕዘን · ረቡዕ ከምሽቱ 1:35

አለ። 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጥና ዜሮ አድርገው። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለህ ውኃው ውስጥ አጥልቀው፤ ብርጭቆውን አይንካ፣ ከሥሩም አይረፍ። የአየር አረፋ ከተጣበቀበት በጣትህ አራግፈው። እውነተኛው 83.3 ብር ጥግግቱ 10.2 ስለሆነ 28.07 ግራም ሳንቲም ሚዛኑ ላይ ከ2.7 እስከ 2.8 ግራም ያሳያል። ብር የተቀባ ናስ ከሆነ፣ ክብደቱ ያው ሆኖ፣ 3.3 አካባቢ ያሳያል፤ እሱን ማቅለጫው ውስጥ እንዳታስገባው።